በአጋሮ ሽምግልና መሃል የተካሄደው የከባድ ሚዛን ግጥሚያ

ሰው ሆኖ በልቡ የሚደብቀው ነገር የሌለው የለም። አንዱ የድሮ ፍቅረኛውን ይደብቃል፣ ሌላው ሳይጨርስ የተወውን ትምህርት ይደብቃል። እኔ የምደብቀው ሁለት ቦክሰኞችን ነው። ሁለቱም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ናቸው። አንደኛው ፊልሙ ሁሉ ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን የነገሠ፣ ሲንቀሳቀስ እግሩ መሬት የሚነካ የማይመስል ሰው ነው። ሌላው የዛሬ ሰው ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን እግዜር ይሁነው የሚያሰኝ ግዙፍ። ስማቸውን አልጠራም። ብጠራ ግማሾቻችሁ እዚሁ ወገን ለይታችሁ ትጣሉና ወጉ ሳይጀመር ያልቃል። «የድሮው» እና «የአሁኑ» ብንላቸው ይበቃል።

ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። የድሮው ጓንቱን ሲሰቅል የአሁኑ ገና አልተወለደም። የሚገናኙት እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። መድረካቸውን የተከልኩት አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ቡና የሚሰጣበት ሲሚንቶ ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሁልጊዜ ጠዋት ነው፤ ሁልጊዜ ጉም አለ። ከጉሙ መጀመሪያ የሚወጣው የድሮው ነው፤ በቡናው ተክል መሃል፣ በእርጥቡ ቅጠል ላይ ኮቴው ሳይሰማ ይሮጣል። የአሁኑ ሲመጣ ደግሞ የዋንዛው ዛፍ ጤዛውን ያራግፋል። ተመልካቹ ጆንያ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ከሁሉም ዘመን የመጣ ሰው ነው፤ ኮት የለበሰም ጋቢ የደረበም አለ፤ ማንም ግን አይጮህም። ጉሙ ውስጥ የሚሰማው የሁለቱ ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ነው። እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ጠቡን ያስጀመረው የእህቴ ባል ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ወጣት ሳለን እዚሁ ጅማ አንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን የድሮውን ካየን ወዲህ፣ «ይህን ሰው የሚያሸንፍ ከእናቱ አልተወለደም፣ አይወለድምም» ብሎ ደመደመ። እኔ ደግሞ ደምዳሚ ሰው ያበሽቀኛል። በየጊዜው ሻምፒዮን የሆነውን ሁሉ እያመጣሁ እገጥምበት ጀመር። የእኔ ሰው በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ የእሱ አይቀየርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተከራከርን። ክርክሩ ሳይቋጭ እሱ ሞተ። ክርክር እንደ ትልቁ የእንጨት መጋዝ ነው፣ ከወዲያና ከወዲህ የሚስብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሱ ከሄደ ወዲህ ሁለቱንም ጫፍ የምስበው እኔ ነኝ። ይናፍቀኛል።

በሽታው በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግጥሚያው ቀን አይመርጥም፣ ቦታ አይመርጥም። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ጎመን ግዛ ብላ ላከችኝና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጅማን ለቅቄያለሁ፤ አምስተኛው ላይ ደዶ ወረድኩ። ጎመኑን ከዚያው ገዝቼ ተመለስኩ፤ እሷም ለምን እንደዚህ ትኩስ ጎመን ሁልጊዜ እንደማላመጣ ጠየቀችኝ። ጎረቤት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ደግሞ የድሮው አንድ ግሩም ቀኝ ሲያሳርፍ ሳላስበው «እሰይ!» አልኩ። ሬሳው ገና አልወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሬ አወቱ መንደራ ውስጥ ለቅሶ ስደርስ በሁለት ደህና ሰዎች መካከል ነው የሚያስቀምጡኝ።

እንግዲህ እንደዚህ ያለውን ሰው ሽማግሌ አድርጎ የሚልክ ቤተሰብ ምን ይባላል? ቸግሮት ነው እንጂ።

የሟቹ አማቼ ልጅ ሱራፌል ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ሜሮን የምትባል የአጋሮ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ቀሪው ሽማግሌ መላክ ነው። እህቴ ቤቴ ድረስ መጣችና እጄን ይዛ፣ «ልጄ አባት የለውም፣ አጎቱ አንተ ነህ። መሄድህ ግድ ነው። ግን በሞተው ይዤሃለሁ፣ እንዳትንሳፈፍብኝ» አለችኝ። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ተናጋሪው ሐጂ ከድር ናቸው፤ የሰፈራችን አስታራቂ፣ ያስታረቁት ሰው እንደገና ከተጣላ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥሩት። ሁለተኛው ጡረተኛው መምህር ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ መኪና ስላላቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ደም ስላለኝ። እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ሐጂ የሥራ ድርሻዬን ነገሩኝ።

«ስማኝ ወንድሜ። እኔ እናገራለሁ። ተሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። አንተ ዝም ትላለህ። ስመርቅ አሜን ትላለህ፣ በቃ። ገባህ?»

«ገባኝ ሐጂ።»

«ዱጉማ? እውነት ገባህ?»

«ወላሂ» አልኩ፣ ክርስቲያን መሆኔን ረስቼ።

ደግሞ ሌላም ነገር ነገሩኝ። የሜሮን አባት አቶ ግርማ በቀላሉ የሚነገራቸው ሰው አይደሉም። ሠላሳ ዓመት ቡና ቀማሽ ነበሩ። ሥራቸው ከየጆንያው የመጣውን ቡና በማንኪያ እየሳቡ ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ ይህ ደህና ነው፣ ይህ ተበላሽቷል ማለት ነው። ምላሳቸው እንዳይበላሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርበሬ አልነኩም ይባላል። ወሬም ሲሰሙ እንደዚያው ናቸው አሉ፤ የሰሙትን ወዲያው አይውጡትም።

ቤታቸው ደረስን። ገባን። እንደምታውቁት ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። አቶ ግርማ «ተቀመጡ እንጂ» አሉ፤ ሐጂም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሦስታችንም ቆምን፣ እኔ በስተግራ። ሐጂ ምርቃቱን ጀመሩ። ሐጂ ሲመርቁ ከአዳም ተነስተው ነው፤ ዝናቡን መርቀው፣ አዝመራውን መርቀው፣ የአጋሮን መንገድና ድልድዩን ሁሉ መርቀው ነው ወደ ቤቱ ባለቤት የሚደርሱት። እኔ «አሜን» አልኩ። ደግሜ «አሜን» አልኩ። በመስኮቱ በኩል ጓሮው ይታያል፤ ቡና ነው፣ ከቡናው በላይ ዋንዛ፣ በመሃሉ ያልለቀቀ የጠዋት ጉም።

ጥፋቱ የመስኮቱ ነው። ያን ጉም ባላይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የድሮው ከቡናው መሃል ብቅ አለ። እንዳላየሁ ሆንኩ። ራሴን በውስጤ ቆነጠጥኩ። የአሁኑም ከኋላው መጣ፤ ጤዛው ረገፈ። ሐጂ ገና ስለ አዝመራው ነበሩ። አንድ ዙር ብቻ፣ አልኩ ለራሴ፤ አንድ ዙር ማንን ይጎዳል? እንዲህ ያለ ውብ ግጥሚያ ደግሞ አይቼ አላውቅም። የድሮው እንደ ቅጠል ዞር ዞር እያለ በጉሙ ውስጥ ይጠፋል፣ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል፤ የአሁኑ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ዙር አለፈ። ሰባተኛው ላይ የአሁኑ ግራውን ላከ። የድሮው ወደቀ። ከዚህ በፊት ወድቆ አያውቅም።

በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ከአጠገቤ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠ ተመልካች መስሎኝ፣ «ለመሆኑ ሲቆጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሲቆጣ ዝም ይላል» አልኩ። «ክፋቱ ዝምታው ነው። ከዚያ ግራውን ይልካል። ግራው ካረፈ እስካሁን የተነሳ የለም።»

ጋሽ ተሰማ ሳሉ። አልስማማም ያሉኝ መሰለኝ።

«አይ ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ አያውቁትም! እኔ ከጀማሪነቱ አንስቶ ነው የማየው። በተለይ ጥግ ካስያዘ አይምርም።»

ክፍሉ ውስጥ የወደቀው ጸጥታ ነው ከጉሙ ያወጣኝ። ሐጂ ከድር አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን መነቅነቅ አቁመዋል። አቶ ግርማ ከፊቴ ቆመዋል። ተመልካቹ እሳቸው ነበሩ። የጠየቁኝም ስለ ሱራፌል ነበር።

«ማል ጄቴ?» አሉ ሐጂ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አልክ?»

አቶ ግርማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥዎ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እውነቱን የሚናገር ሽማግሌ አይገኝም። ትልቋን ልጄን ገነትን በሽማግሌ ነው የሰጠሁት። የመጡት ሁሉ ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው አሉኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት በእነዚህ እጆቼ ደግፌ፣ ጥርሷ ወልቆ፣ ወደ ቤቴ መለስኳት። ያኔ ለራሴ የማልኩት አለ። ለሽማግሌ ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። እንግዲህ ሰምቻለሁ። በሰላም ግቡ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ሰው እኔ እስካሁን ከሠራሁት ጅልነት ሁሉ ተምሮ፣ ጨምቆ፣ አንድ ቀን ላይ ልጨርሰው ቢል ከዚህ የተሻለ አያገኝም ነበር። እህቴ ታየችኝ። ዱላ የማያውቀው፣ ዝንብን እንኳ በመስኮት አውጥቶ የሚለቅ ያ ልጅ ታየኝ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«አቶ ግርማ፣» አልኩ፣ «ስለ ልጁ አይደለም ያወራሁት። ቦክስ እያየሁ ነበር።»

«የት?»

«እዚሁ።»

ዞረው ቴሌቪዥናቸውን አዩ። ተዘግቷል፤ በላዩ ላይ ዳንቴል ለብሷል።

«በመስኮት» አልኩ። ይህ ነገሩን አባሰው። ገበናዬን ገልጬ እንደሚባለው፣ የምደብቀውን ሁሉ እዚያው አፈረጥኩት፤ ቪዲዮ ቤቱን፣ አማቼን፣ የሃያ ዓመቱን ክርክር፣ ደዶ ድረስ የሄድኩበትን ጎመን። አቶ ግርማ የሰሙትን አፋቸው ውስጥ ያዙት፤ አልዋጡትም፣ አልተፉትም።

«ቡናው የተበላሸ ነው ስለው የማይምል ነጋዴ አላጋጠመኝም» አሉ በመጨረሻ። «መሐላውን አልሰማም ነበር። ራሴ እቀምስ ነበር። ውሸት የሆነ ታሪክ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሲናገረው መሃሉ ላይ ይደፈርሳል። በሉ፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምረው ይንገሩኝ።»

«ግጥሚያውን?»

«ግጥሚያውን።»

በኢትዮጵያ ምድር የእህቱን ልጅ ጋብቻ ለማዳን የሌለ የቦክስ ግጥሚያ ቆሞ የተናገረ ሽማግሌ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ጀመርኩ። ጉሙን ነገርኳቸው፣ ሲሚንቶውን፣ ጆንያው ላይ የተቀመጠውን ሰው። ከዚያ እግሬ ራሱ ያዘው፤ የድሮውን ሳሳይ በምንጣፉ ላይ ዞር ዞር አልኩ፤ የአሁኑን ሳሳይ ደረቴን ነፍቼ ተገትሬ ቆምኩ። ጋሽ ተሰማ ገለል ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ቆይ» አሉ አቶ ግርማ ሦስተኛው ዙር ላይ። «ስንት ዙር ነው የተስማሙት? በድሮው ጊዜ አስራ አምስት ነበር። አሁን አስራ ሁለት ነው።»

«እሱን አልፈታሁትም» አልኩ። «አስራ ሁለት ካልን የአሁኑን ይጠቅማል። አስራ አምስት ከሆነ ግዙፍ ሰው ይደክመዋል፣ የድሮው ይወስዳል።»

«እኛ የአምናን ቡና ከዘንድሮው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አናቀርብም» አሉ። «የአምናው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የዘንድሮው ትኩስ ስለሆነ ያታልላል። ይቀጥሉ።»

«ክብደታቸውስ?» አሉ ሐጂ ከድር፣ ከበሩ ተመልሰው። ሁላችንም አየናቸው። «ለማወቅ ያህል ነው» አሉና ጢማቸውን ዳበሱ።

ቀጠልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እየቆየ ሲሄድ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ክፍሉ ሰፋ፤ ጉሙ በመስኮት ገባ፤ አራታችንም ጆንያ ላይ የተቀመጥን መሰለኝ፤ አማቼም በአጠገቤ እንደ ድሮው በክርኑ የጎሸመኝ መሰለኝ። ሰባተኛው ዙር ደረሰ። ግራው መጣ። የድሮው ወደቀ።

«ከዚያስ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች፤ ስትናገር የላይ ከንፈሯን በጣቷ ጋረድ ታደርጋለች። ገነት መሆኗን ማንም መንገር አላስፈለገውም። ስለ ግራ እጅ የተናገርኩትን ሁሉ ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታዋለች። አፈርኩ።

«የድሮው ከወደቀ በኋላ ያኛው ምን ያደርጋል ጋሼ?» አለችኝ።

«ወደ ጥግ ይሄዳል።»

«ለምን? ወድቆለት የለም እንዴ?»

«ሕጉ ነው የኔ ልጅ። የወደቀ ሰው አይመታም። ያኛው ርቆ ይቆማል። ዳኛው ደግሞ ከወደቀው አጠገብ ሆኖ እስከ አስር ይቆጥርለታል። እስከዚያ ከተነሳ ተነሳ ነው።»

«ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው?»

«ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ።»

«ለእኔ የቆጠረልኝ አልነበረም» አለች።

በምሬት አላለችውም። ስለ ቦክስ አንድ የማታውቀውን ነገር እንዳወቀች ሰው ነው ያለችው። አቶ ግርማ ምንጣፉን አዩ። ሐጂ ከድር አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት፤ ሐጂ ንግግር ጀምረው ሲተዉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመስኮቱ ውጭ ጉሙ ለቅቋል፣ ቡናው ቡና ነው፣ ማንም የለም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥሚያውን እኔው ራሴ አቋረጥኩት።

«ገነት፣» አልኩ፣ «ሱራፌል ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ አባትሽ ጠይቀውኝ አልመለስኩም። መጥረጊያ ያነሳል። አባቱም እንደዚያ ነበር፤ በሕይወቱ የመታው ነገር ቢኖር ከእኔ ጋር ሲከራከር ጠረጴዛ ነው። ልጁ ሲናደድ ይወጣና ግቢ ይጠርጋል። አባቱ በሞተ ሰሞን ዘመድ በሐውልቱ ነገር ሲጨቃጨቅ፣ ይህ ልጅ ከእኛ ግቢ አልፎ እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ ጠረገው። እናቱ ግቢው በጣም ከጸዳ ልጄ ምን ሆነ ብላ ነው የምትጨነቀው።»

ገነት ጣቷን ከከንፈሯ አነሳች። እየሳቀች ነበር። «ሜሮን ነግራኛለች!» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «አንድ ቀን ተኮራርፈው ስትሄድ የመምህራን መኖሪያውን ደረጃ ሁሉ፣ አራቱንም ፎቅ፣ ሲጠርግ አገኘችው። ዘበኛው ሥራዬን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ከሶት ነበር።»

አቶ ግርማ ይህንን ደግሞ አፋቸው ውስጥ ያዙት። ቆዩበት። ከሁለት ሰው የመጣ፣ አስቀድመው ያልተመካከሩበት፣ አንድ ጣዕም ያለው ነገር ነው። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዋጡት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ ገነትን።

ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ እንዲህ ስትጠየቅ አይቼ አላውቅም፤ ሐጂም አላዩም። ገነት ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ እኔ ጋ ትንሽ ቆየች።

«ይሁን በላቸው አባባ» አለች። «ቀን ስጣቸው።»

ሰጡን። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሐጂ እስከ ጅማ መግቢያ ድረስ በመስኮት ሲያዩ መጡና ድንገት ወደ እኔ ዞሩ፤ አሁን ስድቡ መጣ ብዬ ተዘጋጀሁ። «ለመሆኑ ያ ሰውዬ ተነሳ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ሱራፌልና ሜሮን ተጋቡ። ቤታቸው በጣም የጸዳ ስላልሆነ እህቴ ደስተኛ ናት። እኔም አልዳንኩም፤ አሁንም ጉም ባየሁ ቁጥር ሁለቱ ይመጣሉ፣ እስከ ሰባተኛው ዙር ይገጥማሉ፣ ግራውም ይመጣል። ግን እንደ ቀድሞው ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አላይም። ተነስቼ ሲሚንቶው ላይ እወጣለሁ፤ ግዙፉን ወደ ጥጉ እልከዋለሁ፤ ከወደቀው አጠገብ ሄጄ ጎንበስ እልና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን የወደቀው የድሮው አይደለም። ማንም ይሁን፣ በጣም ቀስ ብዬ ነው የምቆጥረው።